ቆብ፣ ሽፋሽፍት፣ ቅንድብ፤ የዐይን ቆብ ጡንቻዎችን እንቅስቃሴ በሚያሳዩ የሕክምና ምስሎች አጠገብ ስለሚጻፉ የአማርኛ ቃላት

በአማርኛ ስለ ዐይን ሕክምና የሚጻፈው ጽሑፍ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እየበዛ መጥቷል። የጤና ትምህርት በራሪ ወረቀት፣ ለጥናት የሚዘጋጅ መጠይቅ፣ የጤና ሠራተኞች ማሠልጠኛ ጽሑፍ፣ በሽተኛው ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ተነቦለት የሚፈርመው የስምምነት ቅጽ፣ እነዚህ ሁሉ በአማርኛ ይዘጋጃሉ። የብዛታቸውን ያህል ግን በውስጣቸው የሚገኙት የአካል ክፍሎች ስሞች አልጠሩም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚህ ስሞች ጥቂቶቹን፣ ይኸውም የዐይን ቆብንና ቆቡን የሚያንቀሳቅሱትን ጡንቻዎች የሚመለከቱትን ነው። ስሞቹ የወጡት ከውጭ ለሚታየው አካል ነው። ዛሬ ደግሞ የምስል መሣሪያ ከቆዳው ሥር ያለውን፣ ያውም ሲንቀሳቀስ ማሳየት ችሏል። ለሚታየው የወጣው ስም ለማይታየው ይበቃል ወይስ አይበቃም? ክርክራችን ከዚህ ይነሣል።

ምሳሌያችንን ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል አካባቢ መውሰዳችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዐይነ ስውርነት፣ የእይታ ማነስና የትራኮማ ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 62.6 ከመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ደግሞ 5.2 ከመቶው የቆባቸው ጠጉር ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌናቸውን ይወጋቸው ነበር። በአገር ደረጃ የተገኘው ቍጥር እንደ ቅደም ተከተሉ 40.1 እና 3.1 ከመቶ ነበር። እንግዲህ የዐይን ቆብ ጕዳይ በዚህ አገር የጥቂት ሊቃውንት ጕዳይ አይደለም፤ ገበሬውም ባልቴቷም የሚነጋገሩበት ነው። በሌላ በኩል በዚሁ አካባቢ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። የግእዝ የአካል ክፍል ስሞች ሲነበቡ፣ ሲዜሙና ሲገለበጡ ከኖሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። አንድ የቃላት ሠራተኛ ሁለቱን ምንጮች፣ የሕዝቡን አፍና የገዳሙን መጽሐፍ፣ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የሚያገኝበት ስፍራ ብዙ አይደለም።

በመጀመሪያ ሦስቱን የታወቁ ቃላት እንመልከት። ቅንድብ ከዐይን በላይ በግንባሩ ግርጌ ያለው የጠጉር መስመር ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ቆብ ዐይንን የሚከድነው ሥጋ ነው። ችግሩ ያለው ሽፋሽፍት በሚለው ቃል ላይ ነው። ለአንዳንዱ ተናጋሪ ሽፋሽፍት ማለት በቆቡ ጠርዝ የበቀለው ጠጉር ነው፤ ለሌላው ቆቡ ራሱ ነው፤ ለሦስተኛው ጠጉሩም ቆቡም አንድ ላይ ነው። በዕለት ንግግር ይህ መዋዠቅ ማንንም አይጎዳም። «ሽፋሽፍቷ ያምራል» ሲባል አድማጩ የትኛው ክፍል እንደሆነ አይጠይቅም። ቃሉ ከንግግር ወጥቶ ወደ ሕክምና ቅጽ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ለምሳሌ አንዲት የአምባሰል ባልቴት ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጅተው ቅጹ ሲነበብላቸው «ሽፋሽፍትዎ ተቈርጦ ይስተካከላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰሙ እንበል። ባልቴቷ ጠጉሩን በወረንጦ ሲያስነቅሉ የኖሩ ናቸው። የሚቈረጠው ጠጉር መስሏቸው ቢስማሙ አይፈረድባቸውም። በእውነቱ የሚቈረጠው ግን ቆቡ ነው፤ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጠርዙ ጎን ለጎን ይሰነጠቅና ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ሰምተው የተስማሙት ሌላ፣ የተደረገላቸው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ስምምነት ያልተባለ ስምምነት እንዲህ ያለው ነው፤ ጥፋቱም የሐኪሙ ሳይሆን የተርጓሚው ነው። ስለዚህም በሕክምና ጽሑፍ ሽፋሽፍት ለጠጉሩ ብቻ፣ ቆብ ለሥጋው ብቻ እንዲውል፣ በስምምነት ቅጽ ላይ ደግሞ «የቆብ ጠጉር» ተብሎ እንዲጻፍ አጥብቀን እንሻለን። «የቆብ ጠጉር» ውበት የለው ይሆናል፤ ግን የሚሳሳትበት ሰው የለም።

ይህ ልዩነት ለቍጥርም ያስፈልጋል። በ2018 እ.ኤ.አ. በተደረገው 4ኛው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ሳይንሳዊ ጉባኤ የበሽታው ብያኔ ተሻሽሎ የሚቈጠረው የላይኛው ቆብ ጠጉር ብሌኑን ሲነካ፣ ወይም ከላይኛው ቆብ ወደ ውስጥ የዞረ ጠጉር በቅርቡ መነቀሉ ሲታወቅ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። የታችኛው ቆብ ከብያኔው ወጥቷል። በመጠይቁ ላይ «ሽፋሽፍት» ብቻ የጻፈ ተርጓሚ የላይኛውንና የታችኛውን፣ ጠጉሩንና ቆቡን በአንድ ጆንያ ከቶ መቍጠሩ ነው።

የበሽታው ስም ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ትራኮማን ሕዝቡ ማዝ ይለዋል፤ ጥሩ ቃል ነው፣ የሚነካውም አያስፈልግም። ተከትሎ የሚመጣው ግን «የዐይን ጠጉር መቀልበስ» እየተባለ ይጻፋል። በዚህ አገላለጽ የተቀለበሰው ጠጉሩ ነው። በእርግጥ ጠጉሩ ብቻ የሚዞርበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የተቀለበሰው ጠርዙ ነው፣ ጠጉሩ ተከትሎት ይገባል። ሐኪሞች እነዚህን በሁለት ስም ይለያሉ፤ እኛ በአንድ ስም እንጠራለን። ምክንያቱን ለማስረዳት የልብስ ሰፊዎች ቃል ከማናቸውም የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። የቆብ ውስጠኛ ገጽ በስስ ልባስ የተሸፈነ ነው፤ ይህን ገበር ብንለው ምን ይጎድለዋል? ማዝ ደጋግሞ ሲይዝ ገበሩ ይጠባሰስና ያጥራል። ገበሩ ያጠረ ካፖርት ጠርዙ ወደ ውስጥ እንደሚጠቀለል ሁሉ የቆቡም ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። «የቆብ ገበር ማጠር» እና «የቆብ ጠርዝ መቀልበስ» ብለን ብንጽፍ በሽታው በስሙ ውስጥ ይገለጣል። በአማራ ክልል በ1,000 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመው ጥናት ያነጻጸራቸው ሁለት የቀዶ ዘዴዎች እንኳ በዚህ ቃል በቀላሉ ይለያሉ፤ አንደኛው ቆቡን ከነቆዳው ዘልቆ ይሰነጥቃል፣ ሁለተኛው በገበሩ በኩል ብቻ ይገባል። ከአንድ ዓመት በኋላ ጠጉሩ የተመለሰባቸው በመጀመሪያው 22 ከመቶ፣ በሁለተኛው 13 ከመቶ ነበሩ። ገበር የሚለው ቃል የሌለው ተርጓሚ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ግማሽ ገጽ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ግእዝ እንሻገር። ግእዝ ለቆብ ቀርነብ የሚል ቃል አለው፤ ብዙ ቍጥሩ ቀራንብት ነው። ቃሉን ለመፈለግ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም፤ መልክእ በሚባለው የድርሰት ዐይነት ቅዱሳን ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ አካል በአካል ሲወደሱ፣ ቀራንብት ከአዕይንት አጠገብ ራሱን የቻለ ስፍራ ይዞ ይገኛል። መልክእን እንደ ጸሎትና እንደ ቅኔ የሚያጠኑ ብዙ ናቸው። እንደ አካል ስያሜ መዝገብ የተመለከተው ግን ጥቂት ነው፤ የሚገርመንም ይህ ነው። አካሉን ከላይ ወደ ታች በሥርዐት እየከፈለ ለእያንዳንዱ ስም የሚሰጥ፣ ከዚያም በቃል እንዲጠና የሚያደርግ የራሳችን ሥርዐት እያለ ስያሜ ጠፋ ብሎ ማማረር አይገባም።

ይሁን እንጂ ግእዝን የሚያነሣ ተርጓሚ ወጥመዱን ይወቅ። ቅንድብ ከቀርነብ ጋር አንድ ግንድ ያለው ይመስለናል፤ ፍቺው ግን ከቆቡ ወደ ላይ ተነሥቶ ግንባር ሥር ተቀምጧል። ድምፁ ተመሳሰለ ብሎ ቀራንብትን በቅንድብ የሚመልስ ሰው የሚጨፈነውን አካል ለማይጨፈነው ይሰጠዋል። ቀርነብን ለአዲስ ስያሜ እናምጣው የሚሉም አሉ። እኛ አንስማማም። በአማርኛ ሕያው ቃል ሲጠፋ ወደ ግእዝ መሄድ የተለመደው ቅደም ተከተል ነው፤ ቆብ ግን አልጠፋም። በገዳም ደጃፍ ቆብ ሲባል የመነኵሴ ቆብ ይታሰባል የሚለውም ተቃውሞ አያስጨንቀንም። «ቆብ ጫነ» እና «ቆቡን ገለጠ» በግሥ ይለያሉና።

የምስሉ ስም ምን ይሁን? ሕዝቡ ራጅ የሚለውን ከጣልያንኛ ወስዶ የራሱ ካደረገው ቈይቷል፤ «ራጅ ተነሣሁ» ሲል ግሡን ከፎቶግራፍ ወስዶለታል። አሁንም «አልትራሳውንድ ተነሣሁ»፣ «ኤም አር አይ ተነሣሁ» ይላል። እንግዲህ ግሡ ተገኝቷል፤ «ምስል ማንሣት» እንበለው። ሥዕል የሚለውን ለዚህ ማዋል ተገቢ አይመስለንም፤ ሥዕል በእጅ የሚሣል ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ሥዕሎች አሉት፤ መጽሐፉ በማይክሮፊልም በተቀዳ ጊዜ ደግሞ ምስሉ ተነሣ፤ በኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ቍጥሩ 1832 ነው። ሥዕሉና ምስሉ በአንድ መጽሐፍ ላይ እንዴት እንደሚለያዩ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም።

አንድ ስያሜ ግን እንነቅፋለን። የቆብን እንቅስቃሴ ተከታትለው ለሚነሡ ምስሎች «ተንቀሳቃሽ ምስል» የሚል ትርጕም ይሰጣል። ተንቀሳቃሽ ምስል ሲኒማ ነው። በዚህ ዘዴ ምስሉ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው ቆቡ ነው፤ ምስሎቹ በየደረጃው የተነሡ ናቸው። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በዐይን ላይ የሚያርፍ ትንሽ መቀበያ ጥቅልል ተጠቅሞ የላይኛውን ቆብ ውስጠኛ ክፍሎች፣ ዊትናል በሚባለው አናቶሚስት ስም የሚጠራውን ማሰሪያ ጭምር፣ በኤም አር አይ አሳይቷል። አንድ ርግብግቢት ከሴኮንድ 1/10 እስከ 4/10 ብቻ ስለሚወስድ መሣሪያው ይህን ፍጥነት ለመያዝ ይቸገራል፤ ስለዚህም ሰውየው ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ላይ እንዲመለከት እየተደረገ የተለያየ ምስል ማንሣት የተለመደ ነው። «የእንቅስቃሴ ምስል» ብንለው ያለ ውሸት ይገልጸዋል። በነገራችን ላይ ዊትናልን «ጅማት» ብሎ መተርጐም ሌላ ጣጣ ያመጣል። አማርኛ ጡንቻን ከዐጥንት የሚያያይዘውንም፣ ዐጥንትን ከዐጥንት የሚያስረውንም፣ አንዳንድ ጊዜም ነርቭን ጭምር ጅማት ይላል። በምስሉ ላይ ሦስቱ በሦስት መልክ ጎን ለጎን ይታያሉ። ነርቭ በውሰት ቃሉ ይቅር፤ ጡንቻን የሚያያይዘው ጅማት ይባል፤ የሚያስረው ማሰሪያ ይባል።

የጡንቻዎቹ ስም ብዙ አያከራክርም። ቆብን የሚያንቀሳቅሱት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዐይንን ዙሪያውን የከበበው፣ ሲኰማተር የሚጨፍነው፣ በ7ኛው የራስ ነርቭ የሚታዘዘው ነው፤ ሁለተኛው ከዐይን ጕድጓድ ጥልቀት ተነሥቶ ቆቡን የሚስበው፣ በ3ኛው የራስ ነርቭ የሚታዘዘው ነው። የላቲኑ ስም ሁለተኛውን «አንሺ» ስላለው «ቆብ አንሺ» የሚል ስያሜ ቀርቦ አይተናል። ይህ ሰላምታ ለመስጠት ባርኔጣውን የሚያነሣ ሰው ያስመስለዋል። አማርኛ ዐይንን ጨፈነ፣ ዐይንን ገለጠ ይላልና ጨፋኝ ጡንቻና ገላጭ ጡንቻ ማለት በቂ ነው። ገላጭ በሰዋስው ሌላ ሥራ እንዳለው እናውቃለን፤ ሰዋስው ግን ጡንቻ የለውም። ያለ ፈቃድ የሚሠራው ትንሹ ጡንቻ የሙለር ጡንቻ እንደተባለ ይቈይ። ቆቡን የሚያጠነክረው ሳንቃ መሰል ክፍል፣ ታርሰስ የሚባለው፣ የሚያረካ አማርኛ እስኪገኝለት በውሰት ቢቀር አይከፋም።

ከሁሉ ይልቅ የምናተኩረው በግሦቹ ላይ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት በጨፋኝ ጡንቻው የተለያዩ ክፍሎች ቀጫጭን ሽቦዎች ገብተው፣ የቆቡም እንቅስቃሴ በካሜራ ተከታትሎ ተመዝግቦ፣ አምስት ዐይነት አጨፋፈኖች ተነጻጽረዋል፤ ሳይታሰብ በየጊዜው የሚሆነው፣ አንዳች ነገር ወደ ዐይን ሲመጣ በመከላከል የሚሆነው፣ አስቦ የሚደረገው፣ ለእንቅልፍ እንደሚሆነው ለስለስ ያለው፣ በኀይል የሚጨመቀው። ጡንቻው አንድ ቢሆንም ክፍሎቹ በየአጨፋፈኑ በተለያየ አኳኋን እንደሚሠሩ ተገልጿል። ይህን ጥናት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አምስቱንም «መጨፈን» ቢል ጥናቱ ይፈርሳል። አምስት አዲስ ስም መፍጠርም አያስፈልገውም፤ ሰዋስዋችን ሥራውን አስቀድሞ ሠርቶታል።

ሁለት መሣሪያዎች አሉን። አንደኛው በአለና በአደረገ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ «ዐይኑ ጭፍን አለ» ሲባል ባለቤቱ አላዘዘም፣ «ዐይኑን ጭፍን አደረገ» ሲባል አዟል። ሁለተኛው የቃሉ ቅርጽ ነው፤ ክፍት አደረገ ሲባል ሙሉ በሙሉ፣ ከፈት አደረገ ሲባል በመጠኑ እንደሆነ ሁሉ፣ ጭፍን አደረገ ብርቱውን፣ ጨፈን አደረገ ለስላሳውን ይገልጻል። እንግዲህ ሳይታሰብ ለሚሆነው ተርገበገበ፣ ለመከላከያው ጭፍን አለ፣ አስቦ ለሚደረገው ጨፈን ገለጥ አደረገ፣ ለለስላሳው ጨፈን አደረገ፣ ለብርቱው ጭፍን አደረገ ብንል አምስቱ ያለ ድካም ይለያሉ። አማርኛ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ቆቡ በራሱ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ተናጋሪው «ዐይኔን ያርገበግበኛል» ይላል፤ ራበኝ፣ አመመኝ እንደሚለው ሁሉ ባለቤቱን ተደራጊ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ብዙ ሰው ይህን የሚመጣ ነገር ምልክት ያደርገዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ የጨፋኝ ጡንቻው ክሮች ያለ ትእዛዝ መኰማተር ይለዋል። አገላለጹ ለሁለቱም እኩል ያገለግላል።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ ምርጫዎች አሉ። አንደኛው «ብልጭታ» ነው፤ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዐይን ግን መብራት አይደለም። ሁለተኛው «ጥቅሻ» ነው። ጥቅሻ በአንድ ዐይን ሆን ተብሎ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ምልክት ነው፤ ሰው በደቂቃ 15 ወይም 20 ጊዜ ይጠቅሳል ተብሎ በመጠይቅ ላይ ቢጻፍ አንባቢው ምን ዐይነት ሰው ነው ብሎ ይሥቃል። እኛ ጸሐፊዎች ምንጭ ስንጠቅስ የምንጠቀምበት ቃል ከዚሁ ዐይን መምጣቱ ግን ደስ የሚያሰኝ ነው። ቅጽበትም እንዲሁ ነው፤ በግእዝ ቀጸበ በዐይን ጠቀሰ ማለት ሲሆን፣ ቅጽበተ ዐይን ከተባለው ሐረግ ዐይኑ ወድቆ ዛሬ በአማርኛ የቀረው ጊዜው ብቻ ነው። ቃሉን ወደ ቀድሞ ፍቺው መመለስ አይቻልም፣ አያስፈልግምም።

በመጨረሻ የጡንቻ ሕመሞችን የሚመለከቱ ሁለት ቃላት ይቀራሉ። ደሴ አጠገብ የሚገኘውና ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና ይታወቅ የነበረው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ካከማቸው ልምድ አንዱ ይህ ነው፤ ሥጋ ደዌ የፊትን ነርቭ ሲጎዳ ጨፋኝ ጡንቻው ይደክማል፣ ዐይኑም ተኝቶ ሳለ እንኳ ሳይከደን ይቀራል፣ ብሌኑ ይደርቅና ይቈስላል። የሕክምናው ስም በግሪክኛ የጥንቸል ዐይን ማለት ነው፤ ጥንቸል ዐይኗን ሳትከድን ትተኛለች ከሚል የጥንት አስተሳሰብ የመጣ ነው። ይህን ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ በሽተኛውን ግራ ያጋባዋል። አማርኛ «በሩ አልከፈት አለ» እንደሚለው «ዐይኑ አልጨፈን አለ» ይላል፤ «አልጨፈን ያለ ዐይን» ስምም ገለጻም ይሆናል። ተቃራኒው፣ ገላጭ ጡንቻው ደክሞ ቆቡ በብሌኑ ላይ የሚንጠለጠልበት ሕመም፣ «የቆብ መውደቅ» እየተባለ ይጻፋል። ቆቡ ግን አልወደቀም፤ እንደ ላላ ገመድ ረግቧል። «የቆብ መርገብ» የሚለውን እንመርጣለን። ረገበና ተርገበገበ አንድ ሥር ይኑራቸው አይኑራቸው ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። ለጊዜው ግን ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ የሚጠቀም ተርጓሚ መርገብን ለሕመሙ፣ መርገብገብን ለጤነኛው እንቅስቃሴ ብቻ እንዲያውል እናሳስባለን።